ስለ ቅል፤ አበቃቀሉ፥ ጥቅሙና ጥንቃቄው



በአገራችን ሰው ሁለት ነገሮች የማይገጥሙ መሆናቸውን ሊናገር ሲሻ «ነገሩ ለየቅል ነው» ይላል። ይህ አነጋገር «ዱባና ቅል፥ አበቃቀሉ ለየቅል» ከሚለው ተረት ጋራ የተያያዘ ነው። ተረቱን ሕፃንም ሽማግሌም ያውቀዋል። ነገር ግን ልጁን «ዱባና ቅል በአበቃቀላቸው የሚለያዩት በምን ነው?» ብለን ብንጠይቀው የሚመልሰው አያገኝም፤ ቃሉን ወረሰ እንጂ ተክሉን አላየውምና። ከታላላቆቹም ብዙዎቻችን እንደ እርሱ ነን። በየቤቱ ጀሪካንና የፕላስቲክ ዕቃ ከገባ ወዲህ ቅል ከብዙ አጥር ላይ ወርዷል፤ ከቅሉም ጋራ ዘሩና ዕውቀቱ እየጠፋ ነው። ዕውቀቱ ሲጠፋ ደግሞ ጕዳት ይመጣል፤ ከቅል ወገን መርዝ ያለበት አለና። ስለዚህ መምህሩ ተማሪውን፥ ሽማግሌውም ቤተ ሰቡን ያስተምር ዘንድ ይህን ጽሑፍ በሰባት ክፍል ከፍለን አቅርበናል።

1ኛ፤ ቅል ምን ዓይነት ተክል እንደ ሆነ

ቅል በየዓመቱ ተዘርቶ በዓመቱ የሚደርቅ ሐረግ ነው። ራሱን ችሎ የሚቆምበት ግንድ የለውም፤ ነገር ግን ከቅጠሉ ግርጌ እንደ ክር የቀጠነ መያዣ ያወጣል። ይህም መያዣ በአየር ላይ ወዲያና ወዲህ ሲል ቆይቶ እንጨት ወይም ገመድ ሲነካ ይጠመጠምበታል፤ ከተጠመጠመም በኋላ እንደ ሽቦ ጥቅልል ሆኖ ሐረጉን ወደ ድጋፉ ይስበዋል። ነፋስ በነፈሰ ጊዜ ጥቅልሉ ይዘረጋል፥ ተመልሶም ይሰበሰባል፤ ፍሬ የተሸከመው ሐረግ እንዳይበጠስ የሚጠብቀው ይህ ነው።

ዱባ፥ ኪያር፥ ሐብሐብና የምድር እምቧይ ሁሉ የቅል ዘመዶች ናቸው። ከእነዚህ ሁሉ ከቅል ጋራ የሚመሳሰለው ዱባ ነው፤ የሚለያዩትም ይልቁን በአበባቸው ነው። የዱባ አበባ ብጫ ነው፤ ጧት ይከፈታል፥ ንብም ትጐበኘዋለች። የቅል አበባ ግን ነጭ ነው፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ይከፈታል፥ ሌሊቱን አድሮ በማግሥቱ ይጠወልጋል። ነጭ መሆኑ በጨለማ እንዲታይ ነው፤ የሚጐበኘውም የእሳት እራት የሚባለው የሌሊት ቢራቢሮ ነው። እንግዲህ አንዱ በቀን፥ ሁለተኛው በሌሊት አበባውን የሚከፍት ከሆነ፥ ተረቱ «አበቃቀሉ ለየቅል» ማለቱ እውነት ሆኖ ይገኛል።

በአንዱ ሐረግ ላይ ወንድና ሴት አበባ ለየብቻ ይወጣል። ወንዱ ረዥምና ቀጭን ዘንግ አለው። ሴቷ ግን ከአበባዋ በታች ጠጕር የለበሰች አንዲት ትንሽ ቅል ይዛ ትወጣለች። የወንዱ ዱቄት ወደ ሴቷ ካልደረሰ ትንሿ ቅል ብጫ ሆና ትረግፋለች። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ «ተክሌ ታመመ» ይላል፤ ነገር ግን ያጣችው ዱቄቱን የሚያመጣላትን ነፍሳት ሊሆን ይችላል።

2ኛ፤ አመጣጡ

ቅል የአፍሪካ ተወላጅ ነው። በበረሓ የሚበቅለው ዱር ቅል በዚምባብዌ መገኘቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2004 ተጽፏል። ይሁን እንጂ በአሜሪካ ምድር ከ9,000 ዓመት በፊት የነበሩ ሰዎች የቅል ዕቃ እንደ ነበራቸው ቆፍረው ያገኙ ሊቃውንት መስክረዋል። መርከብ ባልነበረበት ዘመን ከአፍሪካ ወደ አሜሪካ እንዴት ተሻገረ? መልሱ በራሱ በቅሉ ዘንድ ይገኛል። የደረቀ ቅል ቅርፊቱ ውኃ ስለማያስገባ በባሕር ላይ ይንሳፈፋል፤ ሊቃውንት በባሕር ውኃ ውስጥ አቆይተው ሲፈትኑት ከ200 ቀን በኋላም ዘሩ በቅሏል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2014 የታተመ የዘር ምርመራም ቅል የአትላንቲክን ውቅያኖስ በማዕበል ተገፍቶ ተሻገረ የሚለውን አሳብ አጽንቷል።

ዱባ ደግሞ በተቃራኒው የአሜሪካ ተወላጅ ነው፤ ወደ እኛ ዓለም የመጣው ክርስቶፎር ኮሎምቦስ በ1492 ወደዚያ ከተሻገረ በኋላ ነው። ስለዚህ በላሊበላ ዘመን የነበረ ኢትዮጵያዊ ዛሬ የምናውቀውን ዱባ አላየም። ስሙንም ብንመረምር፥ በዓረብ ቋንቋ «ዱባእ» ይባል የነበረው ራሱ ቅል ነው፤ እንግዳው ተክል ሲመጣ የአሮጌውን ስም ወሰደ። እንግዳ መጥቶ የባለቤቱን ስም ሲወስድ እንዲህ ነው።

3ኛ፤ ቅል በቅዱሳት መጻሕፍትና በቋንቋችን

በግዕዝ ቅል «ሐምሐም» ይባላል። በጾመ ነነዌ የዮናስን ታሪክ የሚሰማ ሁሉ እግዚአብሔር ለነቢዩ ጥላ እንድትሆነው ስላበቀላት፥ ትልም መትቷት ስለ ደረቀችው ተክል ሰምቷል። የእኛም መጽሐፍ እንደ ሰባ ሊቃናት ትርጕም ቅል ብሎ ይጠራታል። ጄሮም የተባለው ሊቅ ወደ ላቲን ሲመልስ ስሟን በሌላ ሐረግ ስም ለወጠው። በትሪፖሊ ወገን ባለች ከተማ የነበሩ ምእመናን ይህ አዲስ ንባብ በተነበበ ጊዜ «ከአባቶቻችን የሰማነው እንዲህ አይደለም» ብለው ታወኩ፤ አውግስጢኖስም ይህን ነገር በ403 ዓመተ ምሕረት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ለጄሮም ጽፎለታል። ከዛሬ ሊቃውንት ብዙዎች የዕብራይስጡ ቃል ጉሎን ያመለክታል ይላሉ። ስሟ ቢከራከሩበትም ምሥጢሯ አንድ ነው፤ ፈጥና የምታድግ፥ ፈጥናም የምታልፍ ተክል የዚህን ዓለም ነገር ታስተምራለች።

ሰው የራሱን አጥንት «የራስ ቅል» ብሎ መጥራቱም ቅርጹን አይቶ ነው። ቀራንዮ የሚለው ስም ከጽርእ ቋንቋ የመጣ ሲሆን ትርጓሜው ይኸው የራስ ቅል ማለት ነው። ደግሞም «ቅል ባገሩ ድንጋይ ይሰብራል» ይባላል፤ ይኸውም በቀላሉ የሚሰበረው ቅል እንኳ በአገሩና በወገኑ መካከል ሲሆን ኀይል ያገኛል ማለት ነው።

4ኛ፤ ቅል በቤትና በገበያ የሰጠው አገልግሎት

ቅል ሸክላ ሠሪ ሳይጠራ፥ አንጥረኛም ሳይደክም፥ እግዚአብሔር በሐረግ ላይ ሠርቶ የሚያንጠለጥለው ዕቃ ነው። አንገተ ረዥሙ ውኃ ይቀዳበታል፤ ሆደ ሰፊው ወተት ይናጥበታል፥ እህልና ዘር ይቀመጥበታል፤ ለሁለት የተከፈለው ሽክና ሆኖ ጠላ ይጠጣበታል። በቆሎ ትምህርት ቤት ሳለን እኛም ከአኮፋዳችን ጋራ ትንሽ የውኃ ቅል በትከሻችን አንግተን እንሄድ ነበር፤ ቀላል ስለ ሆነ የተራበ ልጅ ትከሻ አይከብደውም። በኮንሶ አገር ጨቃ የሚባለው መጠጥ በቅል ይጠጣል። በቤኒሻንጉል ያሉት የበርታ ሰዎች ደግሞ ቅሎችን አቀጣጥለው «ዋዛ» የሚባለውን ረዥም መለከት ይሠራሉ፤ ብዙ ሆነውም አንድ አንድ ድምፅ እየሰጡ በአንድነት ዜማውን ያወጡታል።

በአዲስ አበባ ከዓድዋ ድል በኋላ በአራዳ ቅዱስ ጊዮርጊስ አጠገብ ታላቁ ገበያ ይቆም ነበር። ከየአውራጃው የሚመጣው ሰው ምርቱን በቅልና በገንቦ፥ በአቍማዳና በቅርጫት ይዞ ይወጣ ነበር። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የኢጣልያ ወረራ ዘመን ገበያው ወደ ምዕራብ፥ ዛሬ መርካቶ ወደሚባለው ስፍራ ተዛወረ፤ አራዳም በከፊል ፒያሳ ተባለ፥ ይህም በኢጣልያ ቋንቋ አደባባይ ማለት ነው። ቢሆንም በፒያሳ የነበረው አትክልት ተራ እስከ 2012 ዓ.ም. ድረስ የከተማውን ሕዝብ ይመግብ ነበር፤ በዚያ ዓመት በኮሮና በሽታ ምክንያት ወደ ጃን ሜዳ ሄደ፥ በኋላም ወደ ኀይሌ ጋርመንት ተዛወረ።

በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በፒያሳና በዙሪያው የነበሩ ብዙ የቀድሞ ቤቶችና ግቢዎች ለኮሪደር ልማት ሲነሡ፥ ጎረቤቴ የነበሩ አንዲት እማሆይ ወደ ሌላ ሰፈር ሄዱ። ዕቃቸውን ስናወጣ እርሳቸው ከአልጋውም ከሣጥኑም አስቀድመው ከማጀታቸው ግድግዳ ላይ የተሰቀለች አንዲት ትንሽ ቅል አወረዱ። በውስጧ የአመድ ዱቄት የተነሰነሰበት የቅል ዘር ነበረ። ሰባት ፍሬ ቈጥረው በእጄ ላይ አኖሩና «ልጄ፥ ይህ የእናቴ የመናጫ ቅል ዘር ነው፤ የምሄድበት ቤት አጥር የለውምና አንተ አቆይልኝ» አሉኝ። ከዘሩም ጋራ አንድ ቃል ጨመሩ፤ «ለዕቃ እንጂ ለአፍ አይሆንም» አሉኝ። ያን ጊዜ ቃላቸውን የዘወትር ምክር አድርጌ ሰማሁት፤ ክብደቱን ያወቅሁት በኋላ ነው።

5ኛ፤ ስለ መራራው ቅል የሚደረግ ጥንቃቄ

ከሰባቱ ዘር ሁለቱ በግቢያችን በቀሉ። ፍሬው ገና ለጋ ሳለ ከቤተ ሰቤ አንዱ «ሕንዶች ይህን ቀቅለው ይበሉታል» ብሎ ለወጥ ሊቈርጠው ተነሣ። የእማሆይ ቃል ትዝ አለኝና ከጥሬው ጥቂት ቈርጬ በምላሴ ነካሁት፤ እንደ ኮሶ መረረኝ። ወዲያው ተፋሁት፥ አፌንም ተጕመጠመጥሁ፤ ያ ፍሬ ከሐረጉ ሳይነሣ ደርቆ ዕቃ እንዲሆን ተውነው።

እውነት ነው፤ በሕንድ፥ በቻይናና በኢጣልያ ለጋ ቅል የሚበላ አትክልት ነው። እነርሱ ግን ለመብል የሚተክሉት ለብዙ ትውልድ ከጣፋጩ እየተመረጠ የመጣውን ዘር ነው። በመራራው ቅል ውስጥ ኩኩርቢታሲን የሚባል መርዝ አለ። የበላው ወይም ጭማቂውን የጠጣው ሰው ሆዱን ይቈርጠዋል፥ ያስመልሰዋል፥ ያስቀምጠዋል፤ ሲበረታም ደም ያስታውከዋል፥ የደሙም ግፊት ይወርዳል። በሕንድ አገር መራራ የቅል ጭማቂ ጠጥተው የሞቱ ሰዎች ስለ ነበሩ የሕክምና ምርምር ጉባኤው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2011 ነገሩን አስመርምሮ፥ መራራ ሆኖ የተገኘ ቅል ፈጽሞ እንዳይበላ አስጠንቅቋል። በነቢዩ ኤልሳዕ ዘመንም በራብ ጊዜ ከሜዳ የተለቀመ የዱር ቅል በምንቸቱ ውስጥ ገብቶ ሰዎቹ ሞትን እንደ ፈሩ በመጽሐፈ ነገሥት ተጽፏል።

ስለዚህ እነዚህን አራት ነገሮች ልጆች በቃላቸው ይያዙ።

ፊተኛው፤ ከለጋ ቅል፥ ከዱባ ወይም ከኪያር ጥቂት ቀምሰው መራራ ቢሆን ተፍተው ፍሬውን ሁሉ ይጣሉት። ጨው፥ ስኳር ወይም በርበሬ ምሬቱን ቢሸፍነው መርዙን አያጠፋውም፤ እሳትም አያጠፋውም።

ሁለተኛው፤ ዕቃ የሚሆነው ቅል በሚበላው አጠገብ አይተከል። ዱቄታቸው ከተቀላቀለ ከጣፋጩ ፍሬ የተወሰደው ዘር በሚቀጥለው ዓመት መራራ ሊያፈራ ይችላልና።

ሦስተኛው፤ በሜዳ የተገኘ፥ ዘሩ የማይታወቅ ቅል አይበላ፤ የምድር እምቧይም እንዲሁ።

አራተኛው፤ መራራ የበላ ሰው ቢያስመልሰው በቤት መድኀኒት ጊዜ ሳይጠፋ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። መርዙን የሚያፈርስ ልዩ መድኀኒት የለም፤ ሐኪሙ የሚረዳው የፈሰሰውን ውኃ በመተካትና ደሙን በመጠበቅ ነው። ከመራራው ፍሬ የተረፈ ካለ ይዞ ለሐኪሙ ማሳየት ይገባል።

6ኛ፤ አተካከሉና ዕቃ የሚሆንበት ሥራ

ቅል ቆላና ወይና ደጋ ይስማማዋል፤ ውርጭ ግን ይገድለዋል። አራዳ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለ ሆነች፥ በከተማችንና በደጋው አገር የሚተክል ሰው ለሐረጉ ነፋስ የማይመታውን የግንብ ጥግ ይምረጥለት። ግንቡ የቀኑን ሙቀት ይዞ ማታ ይመልስለታልና። ዘሩን በሚያዝያ ወይም በግንቦት መዝራት መልካም ነው፤ ፍሬው የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ሳይመጣ ይበረታል።

አንድ ክንድ ስፋትና አንድ ክንድ ጥልቀት ያለው ጕድጓድ ይቈፈር፤ የበሰበሰ ፍግ ከአፈሩ ጋራ ይደባለቅበት። ዘሩ ሌሊቱን በውኃ ተነክሮ ያድር፤ በየጕድጓዱ ሦስት ሦስት ተዘርቶ ከበቀለ በኋላ የበረታው አንዱ ብቻ ይቅር። በሁለት ተክል መካከል ሁለት ሜትር ይተው። ሐረጉ ቁመቱ ሁለት ወይም ሦስት ሜትር ሲደርስ ጫፉ ይቀነጠስ፤ ሴቶቹ አበቦች ይልቁን በጎን ቅርንጫፎች ላይ ይወጣሉና። የሌሊት ቢራቢሮ ያልበዛበት ስፍራ ቢሆን፥ ልጆች ማታ አንድ ወንድ አበባ ቈርጠው ዱቄቱን በሴቷ መካከል ይቀቡ። የፍሬ ዝንብ በለጋው ላይ እንቍላሏን ስለምትጥልበት ትንሿን ቅል በጨርቅ ወይም በወረቀት መጠቅለል ያድናታል። በምድር ላይ የተኛ ቅል ወገኑ ይጐብጣል፥ ይበሰብሳልም፤ ተንጠልጥሎ ያደገው ግን አንገቱ ቀጥ ይላል።

ቅል ለዕቃ የሚቈረጠው ዘንጉ ደርቆ፥ ቅርፊቱ በጥፍር ሲነኩት የማይበሳ ሲሆን ነው። ለጋ ሳለ የተቈረጠ ሲደርቅ ይጨማደዳል። ከተቈረጠ በኋላ በጥላ ስር ይደርቃል፤ ሲወዘውዙት ዘሩ ካንኳኳ ደርቋል ማለት ነው። ከዚያ አፉ ይከፈታል፥ ዘሩ ለብቻ ይወጣል፤ ውኃ ተሞልቶ ለጥቂት ቀን ይቀመጥና የበሰበሰው ሥጋ በእንጨት ይፋቃል። ጠጠርና ውኃ ጨምሮ በብርቱ መወዝወዝ የቀረውን ያጠራዋል። ምሬቱ እስኪለቅ ድረስ ውኃውን በየቀኑ እየለወጡ ማቆየት ያስፈልጋል፤ የመጨረሻው ውኃ ተቀምሶ ምሬት ከሌለው ያን ጊዜ ለመጠጥ ይሆናል። ቢሰነጠቅም ወዲያው አይጣልም፤ ዳርና ዳሩ ተበስቶ በጅማት ይሰፋል።

የወተት ቅል ከታጠበና ከደረቀ በኋላ በወይራ ጢስ ይታጠናል። እናቶቻችን ይህን ያደረጉት ለመዓዛው ብቻ አይደለም፤ ጢሱ ወተቱን የሚያበላሹትን ጥቃቅን ተሐዋስያን ስለሚቀንስ እርጎው ይቆያል። ነገር ግን ጢስ ወተትን ከበሽታ ሁሉ አያነጻውም። የሳንባ ነቀርሳና ሌላም በሽታ ከላም ወደ ሰው በጥሬ ወተት ሊሻገር ስለሚችል፥ ለልጆች የሚሰጠው ወተት መፍላት አለበት።

7ኛ፤ በትምህርት ቤት ሊሠራ የሚገባው

የመንደር ትምህርት ቤት አጥር ካለው ለአንድ ቅል ስፍራ አይጠፋም። መምህሩ ከዚህ አንድ ተክል ብዙ ትምህርት ሊያወጣ ይችላል። ልጆቹ ሐረጉን በየሳምንቱ በሜትር እየለኩ በመዝገብ ይጻፉ፤ ይህ ሒሳብ ነው። ወንዱንና ሴቷን አበባ ለይተው ይቍጠሩ፤ ይህ የተፈጥሮ ትምህርት ነው። የደረቀውን ቅል ውኃ ሞልተው ስንት ሊትር እንደሚይዝ ይስፈሩ፤ ይህ መስፈሪያ ነው። የቅልን ተረትና የዕቃውን ስም ከአያቶቻቸው ጠይቀው ይጻፉ፤ በየአገሩ ስሙ ይለያያልና ይህ ቋንቋ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ዘሩ እንዲጠበቅ አደራ እንላለን። ከመልካሙ ፍሬ የወጣው ዘር በጥላ ደርቆ፥ አመድ ተነስንሶበት፥ ብል በማይደርስበት ስፍራ ይቀመጥ። በላዩም «ለዕቃ» ወይም «ለመብል» የሚል ጽሑፍ፥ የተለቀመበትም ዓመትና መንደር ይጻፍበት። እማሆይ በአንድ ቃል ያስተላለፉልኝን ምክር ሁሉም ሰው በአፉ አይቀበልም፤ የተጻፈ ግን ይቆያል። እኔም በአራዳ ከበቀሉት ሁለት ሐረጎች ያገኘሁትን ዘር ከፍዬ ግማሹን አጥር ወዳለው ወደ ዘመዶቻቸው ቤት ለእማሆይ ላክሁላቸው፤ የቀረውን ይዤዋለሁ።

እንግዲህ መምህር ሆይ፥ ከልጆችህ አንዱ ነገ «ነገሩ ለየቅል ነው» ብሎ ሲናገር ብትሰማ፥ እጁን ይዘህ ወደ አጥሩ ውሰደው፤ በማታ የተከፈተውን ነጭ አበባ፥ በጧትም የተከፈተውን ብጫ አበባ አሳየው። ያን ጊዜ ተረቱን ከነምክንያቱ ያውቀዋል።